ናፍጣዋ ማርቼዲስ ለእንጅባራ ነጋዴ ታዋጣለች?

በአዊ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ ድንች ወይም የደከረንስ ከሰል ነግዶ ጥሪት የቋጠረ ሰው መኪና ሲያስብ ሁለት ምርጫ ይደቀንበታል። አንደኛው ጭኖ የሚያተርፍ አይሱዙ ነው። ሁለተኛው ባለቤቱን ይዞ የሚከበር አውቶሞቢል ነው። ከሁለተኛው ወገን የነጋዴ ዓይን ቶሎ የማይለቃት ናፍጣዋ ማርቼዲስ 250 ዲ ናት።

ዝናዋ ያለ ምክንያት አልመጣም። ኩባንያው የመጀመሪያውን ናፍጣ አውቶሞቢል፣ 260 ዲን፣ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያነደው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ግለት በመሆኑ በባሕርዩ ይንኳኳል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣችው 190 ዲ ሞተሩ በድምፅ ማፈኛ ተከለለ፤ ባለ አምስት ሲሊንደሯ 250 ዲም ይህንኑ ወረሰች። በውስጧ የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ድምፃቸውን ሳያሳድጉ ዋጋ መከራከር ይችላሉ።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቀድሞ ናፍጣ ከቤንዚን በጉልህ ይረክስ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የአዲስ አበባ ዋጋ ግን ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ ትርፉ ያለው በሊትር ዋጋ ሳይሆን ሊትሩ በሚያስኬደው ርቀት ነው። እንጅባራ–አዲስ አበባን 450 ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣዋን በሊትር 13፣ ተመጣጣኟን ቤንዚን 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብለን ብናሰላ፣ የመጀመሪያዋ 3,430 ብር ያህል፣ ሁለተኛዋ 4,570 ብር ያህል ትፈጃለች። በወር ሁለት ጊዜ ደርሶ ለሚመለስ ሰው በዓመት ወደ 55 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ከከተማ ለማይወጣ ግን ቁጠባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የደጋው አየርም ድርሻ አለው። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌላት 250 ዲ ደግሞ በደህናው ቀን እንኳ ጉልበቷ 90 ፈረስ ግድም ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ ታዘግማለች። ባለ ተርቦዋ ይህን ጉድለት ታካክሳለች።

የማስሸጫ ዋጋዋን የጠበቀላት ሕግ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለችውን በደህና የያዘ ሰው ስለዚህ በቀላሉ አይከስርም።

ገዢ ሆይ፣ ሞተሩ ሞቆ አይጠብቅህ። በእንጅባራ ብርድ፣ በማለዳ፣ ቀዝቃዛውን አስነሳ። ካስቸገረች ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ወይም የሞተሩን እመቃ ጠርጥር። ከዚያ የዘይት መክደኛውን ክፈት፤ ጭስ አጥብቃ ከተነፈሰች ሞተሩ ተበልቷል። የናፍጣውን ፖምፓም ባለሙያ ይይልህ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክር።

በጥቅሉ፣ መንገድ ለሚያበዛና ዋና ገንዘቡን ለማይነካ ሰው ታዋጣለች። ድንቹ ከማሳ ሊነሣ ሲል የመግዣውን ብር ለእሷ የሚያውል ነጋዴ ግን ክብሩን ጋራዥ አቁሞ ገበያውን ለሌላ ይለቃል።