ሳያጨሱ በጭስ መታመም

«ትንባሆ በአፌ ገብቶ አያውቅም፤ ታዲያ ይህ ደዌ ከወዴት መጣብኝ?» ሲሉ የጠየቁን በገዳማችን ለብዙ ዘመናት ያገለገሉ አንዲት እማሆይ ናቸው። ሳላቸው ወራትን ሲያስቆጥር «የኢየሩሳሌም ብርድ ነው» እያሉ ቆዩ፤ ሐኪም ቤት የደረሱትም አክታቸው ደም ከቀላቀለ በኋላ ነበር። ሕመሙ የሳንባ ካንሰር መሆኑ ሲነገራቸው ከደዌው ይልቅ ያስጨነቃቸው የሰው ሐሜት ነው። «በስውር ታጨስ ነበር ይሉኛል» ብለው ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገሩም። ይህን ጽሑፍ በፈቃዳቸው የምናቀርበው ሌሎች አባቶችና እናቶች በዝምታ እንዳይጎዱ ነው።

አስቀድመን ስሙን እንለይ። በአገራችን «የሳንባ ነቀርሳ» የሚባለው በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቲቢ ነው። የሳንባ ካንሰር ግን ሌላ ነው፤ አይተላለፍም። ሁለቱም በማያቋርጥ ሳል፣ በሰውነት መክሳትና ደም በቀላቀለ አክታ ስለሚገለጡ አንዱ ሌላውን ሊመስል ይችላል። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ብቻ ነው።

የሳንባ ካንሰር ቀዳሚ መንስኤ ትንባሆ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ በዚህ ደዌ ከሚያዙት ከመቶው ከ10 እስከ 25 የሚሆኑት አጭሰው የማያውቁ እንደሆኑ ይገመታል፤ ከእነዚህም ሴቶች ይበዛሉ። አንዱ ምክንያት የሌላው ሰው ጭስ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ታኬሺ ሂራያማ በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸው የማያጨሱ ነገር ግን ባሎቻቸው አብዝተው የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ከአፈርና ከዓለት የሚወጣው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ሬዶን የተባለ ጋዝ አየር በማይገባባቸው ምድር ቤቶች ሲጠራቀም ሳንባን ይጎዳል። የተበከለ የከተማ አየር፣ አስቤስቶስና የቤተሰብ ተጋላጭነትም ከምክንያቶቹ ይቆጠራሉ።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የማድቤት ጭስ ነው። በቻይና ዩናን ግዛት በምትገኘው ሹዋንዌይ ሴቶች ትንባሆ አያጨሱም ለማለት ይቻላል፤ ሆኖም በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት እጅግ ብዙ ነበሩ። ተመራማሪዎች ሲመረምሩ ምክንያቱ ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ሆኖ ተገኘ። ጭስ ማውጫ ባበጁት ቤተሰቦች ዘንድ፣ በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው ጥናት መሠረት፣ የበሽታው አደጋ ከመቶ 40 በሚበልጥ ቀንሷል። አንድ ቀላል ጭስ ማውጫ ይህን ያህል ነፍስ አዳነ።

የእንጨት ጭስም ለሳንባ ካንሰር ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር የዘርፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። እናቶቻችን በጉልቻ ፊት ጎንበስ ብለው እንጀራ ሲጋግሩ የዋጡትን ጭስ፣ በጥላሸት የጠቆረውንም ጣሪያ የማያስታውስ ማን አለ? እማሆይም ከልጅነታቸው ጀምሮ ማድቤት ውስጥ አድገዋል። የእርሳቸው ደዌ ከዚያ መጣ ብሎ ለመናገር የሚችል የለም፤ ጭሱ ግን ሳንባን እንደሚጎዳ እርግጥ ነው።

«ዕጣንስ?» የሚሉን አሉ። የሚነድ ነገር ሁሉ ደቃቅ ብናኝ አለው። ስለዚህ ማዕጠንት ይቅር አንልም፤ ከቅዳሴ በኋላ በርና መስኮት ይከፈት፣ በተዘጋ በአት ውስጥ ዕጣን እያጨሱ መተኛትም ይቅር እንላለን። የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ማስገባት ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል፤ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ደም ያለበት አክታ ያየ ሁሉ ሳይዘገይ ይመርመር። ካንሰር ከተገኘም ተስፋ አይቆረጥም። በማያጨሱ ሰዎች ዕጢ ላይ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር የተባለው የዘረ መል ለውጥ በብዛት ይገኛል፤ ይህንኑ ለይተው የሚመቱ እንክብሎችም አሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው «ዕጢው ለዘረ መል ለውጥ ተመርምሯልን?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እማሆይ ዛሬ እንክብላቸውን እየወሰዱ፣ ከሰዓት በኋላ በግቢው ፀሐይ ይሞቃሉ። የሚጠይቋቸውን ተሳላሚዎች «ስትስሉ አትደብቁ» ይሏቸዋል። እኛም የታመመን «ምን አጭሰህ ነው?» ብለን ከመጠየቅ ይልቅ «እግዚአብሔር ይማርህ፤ ሐኪም ቤት አብሬህ ልሂድን?» ብንለው ይሻላል።