ለሣር የሚለኮስ እሳት

በቦረና የካቲት ሲገባደድ ሜዳው ገለባ ይመስላል። ሣሩ ደርቋል፣ ኩሬው ጎድሏል፣ ከብቱም ወደ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ተጠግቶ ጋና የሚባለውን ዝናብ ይጠብቃል። ቀድሞ ስለ እሳት የሚመከረው በዚህ ሰሞን ነበር። የትኛው ሜዳ እንደሚቃጠል፣ መንጋው ወዴት እንደሚወጣ፣ ለየትኞቹ መንደሮች እንደሚነገር ሽማግሌዎች ይነጋገሩና ይለኮሳል። ዝናቡ ሲወርድ ከጠቆረው መሬት ለምለም ሣር ይወጣል፤ መዥገሩም ለጋው እሾህም ከእሳቱ ጋር ሄደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህ ልማድ በመንግሥት ተከለከለ። የተከለከለው መሬቱንና ደኑን ከጥፋት ለማዳን ተብሎ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከቦረና ግጦሽ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው በቁጥቋጦ መያዙ ይነገር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናታቸውን ያሳተሙት አያና አንጋሳና ጉፉ ኦባ እረኞቹን ሲጠይቁ፣ ለሜዳው መዘጋት ከሚቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ የእሳት ክልከላው ሆኖ አግኝተውታል። ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ የእርሻ መስፋፋት፣ ግጦሽን ማጠርና የመንጋ መጨናነቅ አብረው ይነሣሉ። ክልከላው እሳትን ከአገር አላጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ባለሙያ መጥራት አስፈልጎ ነበር። የጠፋው ጊዜና ቦታ ተመርጦለት፣ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው እሳት ነው።

ሣር ከእሳት ተርፎ ዛፍ የሚለበለብበት ምክንያት ከአፈጣጠራቸው ይነሣል። ለዓመታት የሚቆየው ሣር በበጋ እንቅልፍ ላይ ነው። ዳግም የሚያበቅለው አካሉ አፈሩ ጋ ወይም ከአፈሩ በታች ተሸሽጓል፤ የሚቃጠለው ከላይ ያለው የሞተ ቅጠል ብቻ ነው። የሣር እሳት በፍጥነት ስለሚያልፍ ጥቂት ጣት ያህል ወደ አፈሩ ዘልቆ ሙቀቱ እምብዛም አይሰማም። ቁጥቋጦው ግን እምቡጡን ከላይ፣ ነበልባሉ በሚደርስበት ከፍታ ተሸክሞ ቆሟል። ከወገብ በታች ያለ ለጋ ግራር ሊሞት ይችላል። ከሰው ቁመት ያለፈው ግን ግንዱ ቢከስልም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። በእሾሁ እብጠት ውስጥ ጉንዳን የሚያኖረውና ጥቁር አፈር የሚወደው ግራር በዚህ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ቃጠሎ የተዘጋ ሜዳ ይከፍታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካው የግጦሽ ሳይንቲስት ዊንስተን ትሮሎፕ ለዓመታት የሠራው ሥራ ይጠቅማል። ዓላማው ያረጀ ሣርን ማስወገድ ብቻ ከሆነ የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ማቃጠል በቂ ነው፤ እሳቱ ቀዝቃዛ፣ ለመቆጣጠርም የሚመች ይሆናል። ቁጥቋጦን ለመምታት ግን ብርቱ እሳት ያስፈልጋል። በሄክታር ከ40 ኩንታል የሚበልጥ ደረቅ ሣር፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከ30 በመቶ በታች እርጥበት ይጠይቃል፤ ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። ችግሩ ግልጽ ነው። እሾሁን የሚያሸንፈው እሳት ከሰው እጅ ሊያመልጥ የሚችለው እሳት ነው። ለዚህ ነው የዝግጅቱ ጊዜ ከቃጠሎው ጊዜ ብዙ እጥፍ የሚረዝመው።

ዝግጅቱ በአካፋ ሳይሆን በመተው ይጀምራል። የሚቃጠለው ሜዳ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ከብት ሳይገባበት ሣር እንዲይዝ ይደረጋል። በተጋጠ መሬት ላይ እሳት እዚህም እዚያም እየነካ ያልፋል እንጂ ቁጥቋጦውን አይጎዳም። ለአርብቶ አደር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ሊበላ የሚችልን ሣር ለእሳት አስቀምጥ ማለት ነው። የሜዳው ባለቤት አንድ ሰው ስላልሆነም ስምምነቱ የጋራ መሆን አለበት። ጥጃ የሚሰማራበትን ካሎ አጥሮ ማቆየት የለመደ ማኅበረሰብ ግን መሬት የማሳረፍን ነገር ከማንም ሊማር አይጠብቅም።

ቀጥሎ እሳት መግቻው ይመጣል። መንገድ፣ ደረቅ ወንዝና ድንጋያማ ቦታ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ሣሩ እስከ አፈሩ ተገፎ በሜዳው ዙሪያ ባዶ መስመር ይወጣል። የተነቀለው ሣርና የተቆረጠው እሾህ ከሚቃጠለው ወገን አጠገብ አይከመርም፤ ክምሩ ሲነድ ፍንጣሪውን ከመስመሩ ማዶ ይወረውራል። በሜዳው ውስጥ የቆመ ደረቅ ግንድም ከጠርዙ ይርቃል፣ አለዚያም ቀድሞ ይነሣል። ጎረቤት መንደሮች፣ ወረዳውና ፖሊስ ቀኑን ያውቃሉ። ያለ ፈቃድ በደን ውስጥ እሳት መለኮስ ወንጀል ስለሆነ፣ ከደን ጋር የሚዋሰን ግጦሽ ያለ ባለሥልጣን ዕውቅና አይነካም። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና በያቤሎ አጠገብ ያልፋልና ጭሱ ወደ መንገድ የሚሄድ ከሆነ መኪና የሚያስቆም ሰው ይመደባል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ በተዘረጋው ዓይነት የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ሥር ደግሞ ጨርሶ አይለኮስም፤ ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስለ ነፋስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ፍጹም ጸጥ ያለ ቀን ደህና ይመስላል፤ ግን አይደለም። አቅጣጫ የሌለው አየር በድንገት ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ እሳቱም አብሮት። የሚፈለገው ከአንድ ወገን ሳያቋርጥ የሚነፍስ ለስለስ ያለ ነፋስ ነው። የቆላ ቀትር አዙሪት ሲያስነሣ ከታየ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ይህን ውሳኔ የሚሰጥ አንድ መሪ ብቻ ነው፤ ሃምሳ ሰው ተሰብስቦ ውኃ ተጭኖ ከመጣ በኋላ “ዛሬ አይሆንም” ለማለት የሚደፍር ሰው መሆን አለበት።

አየሩ ከተስማማ መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ የሙከራ እሳት ይለኮሳል። ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ነበልባሉ ምን ያህል ይነሣል? መልሱ ካላማረ እዚያው ይጠፋል። ካማረ ግን ቃጠሎው የሚጀመረው ነፋሱ ከሚነሣበት ሳይሆን ከሚደርስበት ጠርዝ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚለኮሰው የምዕራቡ መስመር ነው። እሳቱ ነፋሱን እየተቃወመ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይበላል፤ ሰዎች በተነከረ ጆንያና በቅጠላማ ቅርንጫፍ መስመሩን ይጠብቃሉ፣ በጀርባ የሚታዘል የውኃ መርጫ ያላቸውም ይከተላሉ። የጠቆረው ስፋት ሠላሳ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ በሰሜንና በደቡብ ጎኖቹ ይቀጠላል። የምሥራቁ ጠርዝ የሚለኮሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ያኔ እሳቱ ከነፋሱ ጋር ይሮጣል፣ ነበልባሉ ከቁጥቋጦው በላይ ይነሣል፣ ከዚያም ቀድሞ ከተቃጠለው መሬት ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ትሮሎፕ ከነፋስ ጋር የሚሮጠውን እሳት የመረጠው ለዚህም ነው። ሙቀቱ በቁጥቋጦው ከፍታ ያልፋል፤ ነፋስን የሚቃወመው እሳት ግን መሬት ላይ ቆይቶ የሣሩን ሥር ይጎዳልና ለጠርዙ ብቻ ቢውል ይሻላል።

ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አለማወቅ ነው። በሚሮጥ እሳት ፊት ማንም አይቆምም፤ የሚያጠፋ ሰው ከጎን ወይም ከኋላ ይቀርባል። ማምለጫው አስቀድሞ የተቃጠለው ጥቁር መሬት ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው ወደዚያ የሚወስደውን አቅጣጫ ሳይጠየቅ ማወቅ አለበት። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ከተራራ አናት ላይ ሆኖ መመልከት መጥፎ ምርጫ ነው። ልብስ የጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የላስቲክ ጫማም ለዚህ ቀን አይሆንም።

ነበልባሉ ሲወርድ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ያምረዋል። ከብት የሚውልበት ሜዳ የራሱ ተንኮል ያለው እዚህ ላይ ነው። የደረቀ እበት ያለ ነበልባል ውስጥ ውስጡን ይነዳል፤ የዛፍ ጉቶም እንዲሁ፣ አንዳንዱ ለቀናት። በማግስቱ ቀትር ነፋስ ሲነሣ ያን ፍም አንሥቶ ካልተቃጠለው ሣር ላይ ይጥለዋል። በጠርዙ ዙሪያ ያለው እበትና ጉቶ ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ወይም አፈር ለብሶ እስኪበርድ ድረስ በፈረቃ መጠበቅ ግድ ነው።

በስንት ዓመት አንዴ ይቃጠል? ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው የኮንዛ የምርምር ጣቢያ ነው። መሬቱ ተከፋፍሎ አንዱ በየዓመቱ፣ ሌላው በየ2፣ በየ4 እና በየ20 ዓመቱ እየተቃጠለ ቆይቷል። በየአራት ዓመቱ በተቃጠለው ቦታ እንኳ ቁጥቋጦ እየተስፋፋ ሄደ። የካንሳስ ዝናብ ከቦረና እጅግ የተሻለ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ በቦረና የሚወስነው ሣሩ እስኪሞላ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በባሌ ከፍታ አስታ የተባለውን ቁጥቋጦ የሚያቃጥሉ እረኞች ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ብልሃት አላቸው። በቅርቡ የተቃጠለ ለጋ አስታ እሳት አይቀበልም፤ ስለዚህ የአምናው ጥቁር ለዘንድሮው እሳት አጥር ይሆናል።

ከቃጠሎው በኋላ ለምለሙ ቡቃያ ከብትን ከሩቅ ይጠራል። ቶሎ ከገባበት ግን ሣሩ ከሥሩ ያጠራቀመውን ጉልበት ጨርሶ ይሞታል፣ ባዶውንም እሾህ ይወርሰዋል። ሣሩ እስኪጠነክር ከብት ይታገዳል፤ ከግንዱ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቅጠል ደግሞ ፍየልና ግመል ይጨርሱታል። እሳት ያልገደለውን ዛፍ የሚያደክመው ይህ ተደጋጋሚ ቅርጠፋ ነው። ክፍት ሜዳ የሚጠቅመው ለከብት ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ አካባቢ በቀር የማይገኘው የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራ ምግቡን የሚለቅመው ከአጫጭር ሣር መሬት ነው፤ ጎጆውን የሚሠራው ግን በትልልቅ ግራሮች ላይ ስለሆነ እነርሱ ከእሳት ሊጠበቁለት ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በብዙ የቦረና ቦታ የሚቃጠል ሣር ራሱ ጠፍቶ ነበር። ሣሩ ባልተመለሰበት መሬት ላይ ክብሪት ማውጣት ጥፋት ነው። ቁጥቋጦውን በእጅ መቁረጥ፣ ሜዳውን ማሳረፍና ሣሩ እስኪመለስ መጠበቅ ይቀድማል። እሳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም ከወረዳው የግብርና ባለሙያና አሮጌውን ልማድ ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ጋር ሳይመክሩ መለኮስ አይገባም።