የምኑ ኩባያ?

ከአሜሪካ የመጣ የኬክ አሠራር «ሁለት ኩባያ ዱቄት» ይላል፤ ከአውሮፓ የመጣው «250 ግራም»። አንዱን ወደ ሌላው ለመመለስ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንድ ኩባያ ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የምኑ ኩባያ?

ኩባያ የሚለካው መጠነ ቦታን ነው፤ ሚዛን ክብደትን። ሁለቱ የሚስማሙት በውሃ ላይ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ያህል ይመዝናል። ወደ ሌላው ሲኬድ ስምምነቱ ይፈርሳል። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ የተሰፈረ ማር 340 ግራም ገደማ፣ ዘይት 220፣ ስኳር 200፣ የስንዴ ዱቄት ደግሞ ከ120 እስከ 150 ግራም ይሆናል።

ኩባያው ራሱም እንደየአገሩ ነው። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200 ይይዛል። ከሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው ትንሽ ኩባያ 180 ብቻ ነው፤ ዱቄቱን በእሱ፣ ውሃውን በአሜሪካው የሰፈረ ሰው ሊጡ ይቀጥንበታል። የሾርባ ማንኪያም ቢሆን በብዙ አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። አውንስም ሁለት ዓይነት ነው፤ የፈሳሹ 30 ሚሊ ሊትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ የክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው ዱቄት ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ይይዛልና። ተነፍቶ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ከተጨመረ ይቀላል፤ ኩባያው ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ከዛቀው ይጠቀጠቃል፣ ይከብዳል። በኩባያ የ30 ግራም ልዩነት በአራት ኩባያ 120 ግራም ይደርሳል፤ አንድ ሙሉ ኩባያ ሳይታወቅ ተጨመረ ማለት ነው። ፋኒ ፋርመር በ1896 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው የቦስተን የምግብ መጽሐፍ ዱቄቱ እንዲነፋ፣ በማንኪያ እንዲጨመርና አፉ በቢላ እንዲደለደል ያዘዘችው ለዚህ ነው። የገበያችን ጣሳ ከነቁልሉና ከነምራቂው ይሰፈራል፤ የአሜሪካ አሠራር ግን ኩባያ ሲል ልክ አፉ ድረስ ማለቱ ነው።

ጨውም እንዲሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ቅርፊት መሰሉ ጨው የዚያ ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ሽሮ፣ በሶና የጤፍ ዱቄት በፈረንጅ ሰንጠረዥ ላይ እምብዛም ስለማይገኙ የራስን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ይሻላል። ባዶውን ኩባያ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ንባቡን ዜሮ ማድረግ፤ ሞልቶ ደልድሎ መመዘን፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን በቁም ሣጥኑ በር ላይ መለጠፍ። ወጥ እየተቀመሰ ስለሚስተካከል ማንኪያና እጅ ይበቁታል። ኬክ ግን ምድጃ ከገባ በኋላ አይታረምም፤ ሚዛን የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።