እድር፦ ኀዘን በደንብ የሚጋራበት ማኅበር

እድር በሰፈር፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በትውልድ አካባቢ የተሳሰሩ ሰዎች ሞት ሲያጋጥም በገንዘብ፣ በጉልበትና በአካል በመገኘት ለመረዳዳት በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። ብዙ ጊዜ የቀብር መረዳጃ እየተባለ ቢገለጽም፣ ሥራው ግብአተ መሬት ሲፈጸም አያበቃም፤ ዋናው ድካሙ ከቀብር መልስ የሚጀምር ሲሆን፣ እሱም ኀዘንተኛው ቤተሰብ ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ነው። እድርን ከሌሎች መረዳጃዎች የሚለየው፣ ማስተዛዘንን ለእያንዳንዱ ሰው ደግነት ሳይተው በጽሑፍ ደንብ ግዴታ ማድረጉ ነው።

ለቅሶ መድረስ ከእድር በፊትም የነበረ ልማድ ነው፤ እድር ግን አሁን ባለው መልኩ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ኑሮ ውጤት መሆኑን ጉዳዩን ያጠኑ ምሁራን ያመለክታሉ። መነሻውን አንዳንዶቹ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ከገቡ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ጋር፣ ሌሎቹ ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከዘለቀው የጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ያያይዙታል። በገጠር ሬሳ የሚገንዘው፣ መቃብር የሚቆፍረውና እንግዳ የሚያስተናግደው ዘመድና ጎረቤት ከጥንት ጀምሮ አብሮ የኖረ በመሆኑ የተለየ ማኅበር አያስፈልገውም ነበር፤ ወደ ከተማ የፈለሰው ሰው ግን ዘመዱን ከኋላው ትቶ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ስለሰፈረ፣ ይህንኑ ኃይል በመዋጮና በስም መዝገብ እንደገና ማደራጀት ነበረበት። በዚህም ምክንያት የሰፈር እድር ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን፣ ባለጸጋውንና የቀን ሠራተኛውን በአንድ መዝገብ የያዘ ማኅበር ሆኖ አደገ።

የእድር አደረጃጀት ቀላል ቢሆንም ጥብቅ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው የሚመርጣቸው ሰብሳቢ ወይም ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ሲኖሩት፣ ሞትን በየቤቱ ደጃፍ እየዞረ የሚያሳውቅ ጡሩምባ ነፊም ይቀጥራል። ንብረቱ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ ነው። እድርተኛው በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ለኀዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብም የሞተው አባሉ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ ወይም ወንድምና እኅቱ እንደሆነ እየታየ በደንቡ ላይ በደረጃ ተወስኗል። በቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ከዚሁ ጎን ብዙ ቦታ የሴቶች እድር ለብቻው ተቋቁሞ ምግብ የማዘጋጀቱንና ከኀዘንተኛ ሴቶች ጋር የመዋል የማደሩን ሥራ ይይዛል።

ሞት ሲደርስ ሥራው በቅደም ተከተል ይሄዳል። ሟቹ በሌላ ቦታ ያረፈ ከሆነ ቤተሰቡ የሚሰማው በመርዶ ነው፤ መርዶ ማለት የሞትን ዜና ማርዳት ሲሆን፣ በልማዱ የቅርብ ሰዎች አስቀድመው ተሰባስበው ማለዳ፣ ኀዘንተኛው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ይነግሩታል። ዓላማውም ዜናው ብቻውን በሆነ ሰው ላይ እንዳይወድቅ፣ የሚደግፈው እጅ በአጠገቡ እንዲኖር ነው። ድንኳን ይተከላል፤ ከቀብር በኋላም በቤት ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ጎረቤት እዝን፣ ማለትም ለኀዘንተኛ የሚወሰድ ምግብ፣ ያመጣል፤ ንፍሮ ይቀርባል፤ የቅርብ ሰዎችም አብረው ያድራሉ። የቤቱ ሰዎች በእነዚህ ቀናት እሳት የማንደድና እንግዳ የማስተናገድ ኃላፊነት የለባቸውም።

በለቅሶው ላይ ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ ካለች፣ የሟቹን ሥራ፣ ዘሩንና ጠባዩን በግጥም እያነሳች ታስለቅሳለች፤ ሙሾ የለቅሶ ግጥም ነው። በዚህ ጊዜ እንባውን አፍኖ የቆየው ሰው ለማልቀስ ምክንያትም፣ ፈቃድም ያገኛል። ከሰዓታት በኋላ ግን በዚያው ድንኳን ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብና ስለ ልጆች ትምህርት ወሬ ይነሳል፤ በአንዳንድ ሰፈር የሚያመሹት ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። ይህን በኀዘን ላይ እንደ መሳለቅ የሚቆጥሩ ቢኖሩም፣ የሥነ ልቦና ጥናት የሚሰጠው ፍቺ ከዚህ የተለየ ነው። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ኀዘንተኛ የሚያገግመው ያጣውን በማሰብና ወደ ቀጣይ ኑሮው በመመልከት መካከል እየተመላለሰ እንደሆነና ከሁለቱ በአንዱ ብቻ መቆየት እንደማይበጅ ያስረዳሉ። ለቅሶ ቤቱ ይህን መመላለስ ኀዘንተኛው ሳያቅደው ያመቻችለታል፤ አዲስ አልቃሽ ሲገባ ያለቅሳል፣ ጨዋታ ሲነሳ ያርፋል።

ጊዜውም በልክ የተከፋፈለ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሠልስት የሚባለው ሦስተኛው ቀን፣ ቀጥሎም ሰባተኛው፣ አርባኛው፣ ሰማንያኛው ቀንና ሙት ዓመቱ መታሰቢያ ይደረግባቸዋል፤ በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ተዕዚያ የሚባለው የማጽናኛ ጊዜ በአብዛኛው ሦስት ቀን ሲሆን፣ ባል የሞተባት ሴት በመደበኛው አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ፣ ማለትም የኀዘን መቆያ ጊዜ፣ ትቀመጣለች። በመታሰቢያ ቀናቱ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ መሄዱ ማኅበረሰቡ ኀዘንተኛውን በአንድ ጊዜ ሳይለቀው ቀስ በቀስ ወደ ሥራው እንዲመልሰው ያስችላል።

ይሁን እንጂ የእድር ማጽናኛ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ገና ሲወለድ የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሰፊ ለቅሶ ስለማይደረግለት እናቱ ኀዘኗን ለብቻዋ ትሸከማለች። ለተዝካር፣ ማለትም ለሟች መታሰቢያ ለሚደረግ ድግስ፣ የሚወጣው ወጪ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከትበት ጊዜም አለ። ከዚህም በላይ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ ከ6 ወር በላይ ዘልቆ ኑሮን የሚያውክ ከባድ ኀዘን ራሱን የቻለ የጤና እክል ተብሎ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለው ኀዘን ከጎረቤት ማጽናኛ በተጨማሪ የባለሙያ እርዳታ ይሻል።

የጋራ ኀዘን ጥቅም ጎልቶ የታየው በተቋረጠበት ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሰባሰብ ሲገደብ፣ ብዙ ቤተሰብ ሬሳውን በጥቂት ሰው ቀብሮ ያለ ድንኳን ተቀምጧል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ባዶነት ቀድመው ስለሚያውቁት በየከተማቸው እድር አቋቁመው ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ያዋጣሉ፤ መርዶ የደረሰውን ሰውም በቤቱ ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው ያስተዛዝናሉ።

ዛሬ በከተማ መዋጮውን በስልክ ልኮ፣ መቀጫውን ከፍሎ መቅረት እየቀለለ መጥቷል። ገንዘቡ የሬሳ ሳጥን ይገዛል፤ ከኀዘንተኛው አጠገብ ግን አይቀመጥም። ብዙ ወዳጅ ያለውም ሆነ ማንም የማያውቀው ሰው በሞት ቀን እኩል ሰው እንዲያገኝ የሚያደርገው በአካል የመገኘት ግዴታ ነው። ስለዚህ ደንባቸውን የሚያሻሽሉ እድሮች የክፍያውን መንገድ ከዘመኑ ጋር ቢያስማሙ የተገባ ሲሆን፣ በአካል የመገኘትን አንቀጽ ግን ሊያላሉት አይገባም፤ ይህ አንቀጽ የተሰረዘበት እድር በስም ብቻ እድር የሆነ መድን ነው።