በጥምቀት ሰሞን ጠጉርን ያለ ጉዳት ስለ ማድረቅ

ጥር 11 ቀን የሚከበረው የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ቤት እንደሚጸዳ፣ ነጭ ልብስ እንደሚታጠብ ሁሉ የእናቶችና የልጃገረዶች ጠጉርም ይታጠባል፤ ሹሩባም ይሠራል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 11፣ ጠጉር ለሴት ክብሯ መሆኑን ጽፏልና ለዚህ ሥራ ጊዜ መስጠት አያስነቅፍም። ይሁን እንጂ ጥንቃቄው ሁሉ ለማጠቡና ለመሥራቱ ሆኖ፣ በመካከል ያለው ማድረቅ በችኮላ ይታለፋል።

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ጠጉር ሕይወት የሌለው በመሆኑ እንደ ቁስል አይሽርም። የተሠራውም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ የላይኛው ሽፋኑ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቅርፊቱ ይነሣል፤ ጥንካሬውም ይቀንሳል። ተጠቅላይ የሆነው የአብዛኞቻችን ጠጉር ደግሞ በየመጠምዘዣው ለመሰበር የቀረበ ነው። ስለዚህ እርጥብ ጠጉርን በሻካራ ፎጣ ማሸት ቅርፊቱን መላጥ ይሆናል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ነጠላም ቢሆን፣ ጠጉሩ ላይ ጫን እያደረጉ ውኃውን ማስመጠጥ ይበቃል። ሲበጠርም ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ነው።

በየጠጉር ቤቱ ስላለው ካስክና ፎን የሚነሣው ክርክር ብዙ ነው። የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ፎኑ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲያዝ ሙቀቱ 95 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ የጠጉሩን ላይኛ ሽፋን ክፉኛ ጎድቷል። በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ግን ሙቀቱ 47 ዲግሪ ብቻ ነበር። የሚያስገርመው፣ ያለ ፎን በራሱ እንዲደርቅ የተተወው ጠጉር ለረጅም ጊዜ እርጥብ በመቆየቱ የውስጥ ሴሎቹን የሚያያይዘው ክፍል ተጎድቶ መገኘቱ ነው። እንግዲህ ፎን በራሱ ጠላት አይደለም፤ በስንዝር ያህል ርቀት ይዞ ሳያቋርጡ ማንቀሳቀስ ነው የሚሻለው። እርጥብ ጠጉር ላይ ፒያስትራ ማሳረፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ጠጉሩን ከውስጥ እያረፋ ይሰብረዋልና።

ከጠጉር የሚበልጥ ጉዳይም አለ። የጥር ብርድ ስለሚያስቸግር በዋዜማው ምሽት ታጥበው፣ በርና መስኮት ዘግተው፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ጠጉራቸውን የሚያደርቁ አሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያስከትልና እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት የከሰል እሳት በተዘጋ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ጠጉርም እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሳለች ቢታጠብ ይመረጣል።

ሹሩባውን በተመለከተ፣ እርጥቡን አጥብቆ መጎንጎን ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ጠጉር ከሥሩ ይስባል፤ ይህ ሲደጋገም ቦታው ይመለጣል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ይብሳል፤ እነርሱ ሲያማቸው ዝም በሉ ይባላሉና። በበዓሉ ዕለት ጸበል ሲረጭ ሹሩባው መራሱ አይቀርም። ብዙዎች ጸበሉን በፎጣ አይጠርጉትም፤ መጥረግም አያስፈልግም፤ ከቤት ሲደርሱ ሻሹን ፈትቶ ጉንጉኑን ላላ አድርጎ ነፋስ እንዲያገኘው መተው ነው፤ ሳይደርቅም ተሸፍኖ አይታደርበት።