ያጠፋነው ፋይል በእርግጥ ጠፍቷልን?

ለሥራ ጉዳይ ደብረ ታቦር በነበርኩበት ሰሞን አንድ ደብዳቤ ለማተም ከከተማዋ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ነበር። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ቤቱ በባለጉዳይ ተጨናንቋል። አገልግሎት የምትሰጠው ወጣት ፋታ በማጣቷ «እትዬ፣ እዚያ ማዶ ባለው ኮምፒዩተር ራስዎ ያውርዱትና ይጥሩኝ» አለችኝ።

ደብዳቤዬን ከኢሜይሌ አወረድኩና ከየት እንደገባ ለማየት፣ የወረዱ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን «ዳውንሎድስ» የተባለውን ፎልደር ከፈትኩ። ያገኘሁት ግን የራሴን ደብዳቤ ብቻ አልነበረም። የማላውቃቸው ሰዎች የፋይዳ መታወቂያ፣ የሕፃናት የልደት ምስክር ወረቀት፣ የተማሪዎች የፈተና ውጤት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ለፍርድ ቤት የተጻፈ የፍቺ አቤቱታ ሳይቀር በየባለቤቶቻቸው ስም ተደርድረዋል። ከስድስት ወር በላይ የቆዩም ነበሩባቸው። ውስጣቸውን ከፍቼ ለማየት ኅሊናዬ አልፈቀደም። ይሁን እንጂ ከእኔ በፊት የተቀመጠው ሰው እንዳልከፈታቸው፣ ከእኔም በኋላ የሚመጣው እንደማይከፍታቸው ምን ዋስትና አለ?

ከጎኔ ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠባበቁ አንዲት እናት ነበሩ። በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ የአራት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ የመጡት የልጃቸውን መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ አሳትመው ለሥራ ማመልከቻ ለማያያዝ ነው። ልጅቱ ማስረጃዎቹን ከቤት ሆና በቴሌግራም ለጽሕፈት ቤቱ ልካለች። ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሚሆን ብጠይቃቸው «ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ አይደል፤ ምን ይቀራል ልጄ?» ሲሉ መለሱልኝ።

የብዙዎቻችን እምነት ይኸው ነው። ዋናውን ወረቀት ከፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ረስተን ብንወጣ ከመንገድ ተመልሰን እንወስዳለን። በኮምፒዩተር የወረደ ማስረጃ ግን ይዘነው የምንወጣው ቅጂውን ነው፤ ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። የመታወቂያ ቅጂ በተንኮለኛ እጅ ከገባ ለማጭበርበር ሊውል ይችላል። የሴት ልጅ ፎቶግራፍና ስልክ ቁጥርም ለማስፈራሪያ ሊሆን እንደሚችል እናቶች አይስቱትም።

ወጣቷን ለምን እንደማታጠፋቸው ጠየቅኋት። «ጠዋት ያሳተመ ሰው ከሰዓት ተመልሶ ‹ድገሚልኝ› ይላል። ደግሞም እስከ ዛሬ ‹አጥፊልኝ› ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። ጥፋቱ የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እናቲቱ የልጃቸው ወረቀት እንደታተመ «እንግዲያው የእኔን አጥፊልኝ» ቢሏት ያለ አንዳች ቅሬታ ፋይሎቹን መርጣ «ዲሊት» የሚለውን ቁልፍ ተጫነችና «ይኸው ጠፋ» አለቻቸው።

ሆኖም አልጠፋም ነበር። በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ያለውን «ሪሳይክል ቢን» የተባለውን ቅርጫት ስንከፍት የልጅቱ መታወቂያ ከነፎቶግራፉ እዚያ ውስጥ ተገኘ። ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ከሃርድ ዲስኩ የሚሰረዝ ፋይል በመጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ ቅርጫት ነው። ከዚያም በሁለት ጊዜ ንክኪ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ያዩት እናት «ታዲያ የቆረጣችሁት ቅጠሉን ነዋ፤ ድንቹ ከመሬት ውስጥ አይደለም እንዴ?» ብለው አሳቁን።

ድንች ከሚበቅልበት ከደቡብ ጎንደር ደጋ የመጣው ይህ ምሳሌ ከብዙ የቴክኒክ ማብራሪያ ይበልጣል። ቅርጫቱ ባዶ ከተደረገ በኋላም ቢሆን ነገሩ አያበቃም። ኮምፒዩተር እያንዳንዱ ፋይል ከዲስኩ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ የሚመዘግብበት መዝገብ አለው። ፋይል ሲሰረዝ ከመዝገቡ ላይ ይፋቅና ቦታው «ነፃ» ተብሎ ይያዛል እንጂ፣ በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ የተጻፈው ነገር ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ልዩ ፕሮግራም ያለው ሰው ቆፍሮ ሊያወጣው ይችላል። «ኤስኤስዲ» በሚባሉት አዳዲስ ዲስኮች ላይ የተለቀቀው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጸዳል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚያይ ሰው የትኛው ዲስክ እንዳለበት ስለማያውቅ በዚህ መተማመን አይገባም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ነው። ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮች ገዝተው ሲመረምሩ 129ኙ ይሠሩ ነበር። በአግባቡ የጸዱት ግን 12 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከሌሎቹ መካከል የሕክምና ጉዳዮችን የያዙ ደብዳቤዎችና ከ5 ሺህ በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ተገኝተዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ በስፋት በሚገዛባትና በሚሸጥባት አገራችንም ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይሻላል? አንደኛ፣ ከጽሕፈት ቤት ከመውጣታችን በፊት «ዳውንሎድስ»ን ከፍተን በቀን ቅደም ተከተል ብናስደረድረው የእኛ ፋይል ከላይ ይመጣል፤ እርሱን መሰረዝ ነው። በቴሌግራም የተላከ ከሆነ በዚያው ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባለው ፎልደር ይገኛል። ጸሐፊዋ በሌላ ስም ያስቀመጠችው ቅጂ ካለም መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ገብተን የእኛን ብቻ ለይተን እንደገና መሰረዝ ይገባል። ቅርጫቱን በሙሉ ባዶ ማድረግ የሌላውን ሰው ንብረት ሊያጠፋ ስለሚችል የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። «ሺፍት» እና «ዲሊት» አንድ ላይ ከተጫኑ ፋይሉ በቅርጫቱ ሳያልፍ ይሰረዛል።

ሦስተኛ፣ በኢንተርኔት መክፈቻው ላይ የሚታየውን የወረዱ ፋይሎች ዝርዝር ማጽዳት ፋይሉን ማጥፋት አይደለም። ዝርዝሩ ሲጸዳ ፋይሉ ከፎልደሩ ውስጥ ይቀራል። እንዲሁም በቴሌግራም የላክነውን ለሁለታችንም እንዲጠፋ አድርገን ብንሰርዘው እንኳ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የወረደውን አይነካውም። በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ኢሜይል ከከፈትን ደግሞ ዘግተን መውጣታችንን እናረጋግጥ።

አራተኛ፣ ኮምፒዩተር ከመሸጣችን ወይም ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት ሙሉ በሙሉ እናጽዳው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ሁሉንም አጥፍተው ዲስኩንም የሚያጸዱበት ምርጫ አላቸው። ይህ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ መብራት በማይቋረጥበት ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል።

በቤት ኮምፒዩተር ላይ ግን ችኮላ አያስፈልግም። «ዲስኩ ሞላ» ተብሎ የወረደ ሁሉ ሲጠረግ የልጅ የክርስትና ፎቶግራፍ ወይም የትምህርት ማስረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ተመልሰው ሊወርዱ የሚችሉትን ፊልሞችና የፕሮግራም መጫኛዎች አስቀድሞ መሰረዝ፣ የማይተካውን ግን በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂውን አስቀምጦና ተከፍቶ መታየቱን አረጋግጦ መሆን አለበት።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321፣ የሰው የግል መረጃ ለተፈለገበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ መቀመጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። ስለሆነም «አጥፊልኝ» ብሎ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ መብት ነው።

እናቲቱ የልጃቸው መታወቂያ ከቅርጫቱም እስኪወጣ ድረስ ቆመው ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ ወረቀታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲወጡ ቀጥሎ የተቀመጠው ወጣት «እኔም ሲታተም አጥፊልኝ» ማለት ጀመረ። እኔም የራሴን ደብዳቤ ረስቼው ኖሮ፣ ከበር ተመልሼ ሰረዝኩት።