ግልጽ ቢሮ፣ የተጠበቀ ምስጢር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው የጅማ ከተማ፣ እንዲሁም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎች የአካባቢው የቡና ከተሞች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ቡና የሚለቀምበት፣ ገበያው የሚደራበትና ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርበት ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት ብድሩን የሚመልሰው አርሶ አደር፣ ግብሩን የሚከፍለው ነጋዴና የይዞታ ክርክር ያለበት ባለጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰለፋሉ።

ለአብነት ከጎማ ወረዳ የመጣ አንድ አርሶ አደር በአገልግሎት መስኮት ቀርቦ ስንት ኩንታል ቡና እንደሸጠና ምን ያህል ገንዘብ እንደያዘ ቢጠየቅ፣ መልሱን ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ሊሰሙት ይችላሉ። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግን ምናልባት ብቻውን ነው። ለልጇ ቀለብ እንዲቆረጥላት የምታመለክት እናትም ጉዳይዋን በጎረቤቶቿ ፊት እንድታስረዳ ከተገደደች፣ አንድም አሳጥራ ትናገራለች፣ አንድም ሳትናገር ትመለሳለች። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ የተሰማ ምስጢር መመለሻ የለውም።

ችግሩ ከቢሮዎች አደረጃጀት ጋር የተያያዘ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ተግባራዊ ሲደረግ፣ በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግድግዳዎችን በማፍረስ ሠራተኞቻቸውን በአንድ አዳራሽ አሰባስበዋል፤ ሌሎችም ክፍሎችን በመስታወት ለይተዋል። ዓላማው ባለጉዳዩ ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይንከራተትና አሠራሩ ለሁሉም እንዲታይ ማድረግ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ብዙ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር የማገናኘት አስተሳሰብን የተከተለ ነው።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 26 ደግሞ የግለሰብን የግል ሕይወት የመከበር መብት ያረጋግጣል፤ የመንግሥት ባለሥልጣናትም ይህንን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ያስቀምጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በዚሁ አቅጣጫ የወጣ ነው። ከእነዚህ ድንጋጌዎች መረዳት እንደሚቻለው ግልጽ መሆን ያለበት አሠራሩ እንጂ የባለጉዳዩ ምስጢር አይደለም። ሁለቱን አጣጥሞ ለመሄድ ደግሞ የድምፅን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት በተለመደው ድምፅ ሲነጋገሩ የድምፃቸው መጠን 60 ዴሲቤል አካባቢ ይሆናል። በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። የሲሚንቶ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳና ሰፋፊ መስታወት ባለበት አዳራሽ ውስጥ ግን ድምፁ እየነጠረ ስለሚመለስ በርቀት የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው።

ይህንን ጉዳይ በስሌት ያስደገፈው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ነው። ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ እንዲያሻሽል ተጠይቆ ምርመራ ሲያደርግ፣ አንድ ድምፅ ከ5 ሰከንድ በላይ በአዳራሹ ውስጥ እንደሚቆይ ተገነዘበ። ሌሊት ሌሊት የመቀመጫ ትራሶችን እያስገባና እያስወጣ ባደረገው ልኬት፣ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ነገር በጨመረ መጠን ድምፁ ቶሎ እንደሚጠፋ አረጋገጠ። የጅማ የቡና ነጋዴዎች ይህንኑ በመጋዘናቸው ያውቁታል። ጆንያ በሞላበት መጋዘን ውስጥ ንግግር አይነጥርም፤ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ግን ያስተጋባል።

በቢሮ ውስጥ የሠራተኛውን ሐሳብ ይበልጥ የሚበትነው የድምፁ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሌላው ሰው ንግግር ቃል በቃል መሰማቱ እንደሆነ የዘርፉ ጥናቶች ያመለክታሉ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በ2022 የተሻሻለው አይኤስኦ 3382-3 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ክፍት ቢሮዎች ንግግር በግልጽ በሚሰማበት ርቀት ጭምር እንዲለኩ ያደርጋል። በ2012ቱ ሰነድ ርቀቱ ከ5 ሜትር ያልበለጠበት ቢሮ ጥሩ፣ ከ10 ሜትር ያለፈበት ደግሞ ደካማ ተብሎ በምሳሌነት ተጠቅሷል።

መፍትሔው በሦስት ተግባራት ይጠቃለላል፤ ድምፅን መምጠጥ፣ መከለልና መሸፈን።

መምጠጥ ከኮርኒስ ይጀምራል። በጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚጥል ሲሆን፣ ዝናቡ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም ሳይታወቃቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ በጩኸት የተጀመረው ንግግር ለሁሉም ይሰማል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መሥራትና በመካከሉ እሳትን የሚቋቋም የድምፅ መምጠጫ ማንጠፍ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። በጂሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚመሰክርለት የአካባቢው የእንጨት ሥራ ሙያም ለዚህ አገልግሎት ሊውል ይችላል። ቀዳዳዎች ያሉት ወይም ተራርቆ የተመታ ጣውላ ከጀርባው ለስላሳ መምጠጫ ሲደረግለት ድምፅን ይይዛል። ወፍራም መጋረጃና በፋይል የተሞላ መደርደሪያም ይረዳሉ።

መከለል ለምስጢራዊ ጉዳዮች የግድ ነው። በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚፈጸመው ስህተት ክፍልፋዩን እስከ ኮርኒሱ ብቻ ሠርቶ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍት መተው ነው። ድምፅ ቀዳዳ ካገኘ የግድግዳው ውፍረት ዋጋ ያጣል። የግድግዳው ስፋት አንድ መቶኛው ክፍት ከሆነ፣ ቀሪው የፈለገውን ያህል ቢወፍር ግድግዳው ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊከላከል አይችልም። በመሆኑም ከበር ሥር ያለ ክፍተትና በመስታወት ላይ የተተወ የመነጋገሪያ ቀዳዳ ትኩረት ይሻሉ።

መሸፈን ሲባል ደግሞ በተሰላፊዎች ዘንድ ዝግ ያለና የማይረብሽ ድምፅ እንዲኖር በማድረግ ከመስኮቱ የሚመጣው ንግግር እንዳይለይ ማድረግ ነው። ድምፁ ከበዛ ግን ተናጋሪዎቹም ድምፃቸውን ስለሚጨምሩ ጉዳቱ ያመዝናል።

በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎችም አሉ። ተሰላፊዎች ከመስኮቱ ጥቂት ሜትሮች ርቀው እንዲቆሙ መስመር ማስመር፣ ባለጉዳይን በስምና በጉዳዩ ዓይነት ሳይሆን በተራ ቁጥር መጥራት፣ የገንዘብ መጠንን ከመናገር ይልቅ ጽፎ ማሳየት፣ ማተሚያና ማባዣ መሣሪያዎችን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር እንዲሁም ቢያንስ አንድ በሩ የሚዘጋ ክፍል ለምስጢራዊ ጉዳዮች መመደብ ይቻላል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ባለጉዳይ ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው።

ኃላፊዎች የቢሯቸውን ሁኔታ በቀላሉ ሊፈትሹት ይችላሉ። አንድ ሠራተኛ በመስኮቱ ተቀምጦ ሌሎች የማያውቁትን ጽሑፍ በተለመደው ድምፅ ያነብባል፤ ሌላው ተሰላፊዎች በሚቆሙበት ቦታ ሆኖ የሰማውን ይጽፋል። ጽሑፉ ከተነበበው ጋር ከተመሳሰለ፣ የባለጉዳዮችም ምስጢር በዚያው ልክ እየተሰማ ነው ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሕንጻ ሲያስገነቡም ሆነ ነባሩን ሲያድሱ ከቀለሙና ከወንበሩ ምርጫ አስቀድመው ይህንን ሊያስቡበት ይገባል። ከግንባታ በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ ወጪው ከፍተኛ ነው፤ ባለጉዳዩ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያለው እምነት ከተጓደለ ደግሞ በእድሳት አይመለስም።